ለታዳጊ አገሮች የሚዘጋጁ የቢዝነስ ዕቅድ ውድድሮችና የመግቢያ ደንቦቻቸው፦ ዳሰሳ

የቢዝነስ ዕቅድ ውድድር ሥራ ፈጣሪዎች ሊጀምሩት ወይም ሊያስፋፉት ያሰቡትን ሥራ በጽሑፍ አዘጋጅተው የሚያቀርቡበት፣ ዳኞች ደግሞ የቀረበውን ዕቅድ አስቀድሞ በወጣ መስፈርት በነጥብ መዝነው ብልጫ ላገኙት የገንዘብ፣ የሥልጠና ወይም የሙያ ምክር ድጋፍ እንዲሰጥ የሚወስኑበት አሠራር ነው። ለታዳጊ አገሮች ተብለው የሚዘጋጁት ውድድሮች ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በርክተዋል፤ የሽልማቶቹ መጠንና የአሸናፊዎቹ ዝና በሰፊው ሲነገር፣ ማን መግባት እንደሚችል፣ ምን ማቅረብ እንዳለበትና ሲያሸንፍ ምን እንደሚገባው የሚደነግጉት የመግቢያ ደንቦች ግን እምብዛም ትኩረት አላገኙም። ይህ ዳሰሳ ደንቦቹን በየፈርጃቸው ይመረምራል። የሚደግፈው ዋና ሐሳብም የውድድሩን ውጤት ከዳኞች ነጥብ ይበልጥ የሚወስኑት በሩን የሚከፍቱና የሚዘጉ የብቁነት ደንቦችና ገንዘቡ የሚከፈልበት ሥርዓት ናቸው የሚል ነው። «ዓ.ም.» ተብለው ካልተገለጹ በቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

አመጣጥና ዓላማ

የውድድሩ መነሻ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በ1984 «ሙት ኮርፕ» የተባለውን ውድድር የጀመረው የሕግ ተማሪዎች ለልምምድ የሚያካሂዱትን የማስመሰያ ችሎት አርአያ በማድረግ ነበር፤ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች በ1990 ያቋቋሙት የ10 ሺህ ዶላር ውድድርም እያደገ ሄዶ በ2006 ሽልማቱ 100 ሺህ ዶላር ደረሰ። እነዚህ ውድድሮች የተዘጋጁት ባለሀብት፣ የንግድ ጠበቃና አበዳሪ ባንክ በቅርብ በሚገኙበት አካባቢ በመሆኑ ዋና ተግባራቸው ተማሪውን ማሠልጠንና ከባለሀብት ጋር ማስተዋወቅ ነበር።

አሠራሩ ወደ ታዳጊ አገሮች ሲሻገር ዓላማው ተለወጠ። ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት ከ2002 ጀምሮ በመካከለኛው አሜሪካ አገሮች በኒካራጓ፣ በጓቲማላና በኤልሳልቫዶር ያካሄዳቸው ውድድሮች ሥልጠናን ከሽልማት ጋር አጣምረዋል፤ በ2005 በኔዘርላንድስ የተጀመረው «ቢድ ቻሌንጅ» ደግሞ በታዳጊ አገሮች የሚገኙ ሥራ ፈጣሪዎችን ከአውሮፓ ባለሙያዎችና ባለሀብቶች ጋር የማገናኘት ዓላማ ነበረው። በ2011 የናይጄሪያ መንግሥት «ዩዊን» የተሰኘውን አገር አቀፍ ውድድር ሲከፍት ግቡን በግልጽ የሥራ ዕድል ፈጠራ አደረገው። የቶኒ ኤሉሜሉ ፋውንዴሽን በ2015፣ የጃክ ማ ፋውንዴሽን ደግሞ «የአፍሪካ የቢዝነስ ጀግኖች» ለሚባለው ውድድር በ2019 መላ አፍሪካን የሚያካትት ጥሪ ማቅረብ ጀመሩ። በኢትዮጵያም የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን ያስጀመረው «ብሩህ» የተሰኘ የቢዝነስ ሐሳብ ውድድር የዚሁ ሂደት አካል ነው።

በዚህ መስፋፋት ውስጥ በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ዓይነቶች ተፈጥረዋል። የመጀመሪያው ገና ያልተጀመረ ሐሳብን የሚያወዳድር፣ ሁለተኛው በገበያ ጥናትና በሒሳብ ትንበያ የተደገፈ ሙሉ ዕቅድ የሚጠይቅ፣ ሦስተኛው ደግሞ ገቢ ማግኘት የጀመረን ድርጅት የማስፋፊያ ዕቅድ የሚመዝን ነው። የሦስቱ ደንቦች በእጅጉ ስለሚለያዩ አንድ ተወዳዳሪ በቅድሚያ ሊለየው የሚገባው የቀረበው ጥሪ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ነው።

«ታዳጊ አገር» የሚወሰንበት መንገድ

ጥሪዎቹ «ለታዳጊ አገሮች» ቢሉም ታዳጊ አገር የትኛው እንደሆነ የሚደነግግ አንድ ዓለም አቀፍ ሕግ የለም፤ አወዳዳሪዎች ከተለያዩ ተቋማት ዝርዝሮች አንዱን ይመርጣሉ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የልማት ዕርዳታ ኮሚቴ ዕርዳታ የሚቀበሉ አገሮችን ዝርዝር በየሦስት ዓመቱ ይከልሳል፤ አንድ አገር ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ከፍተኛ ገቢ ካላቸው ወገን ሲመደብም ከዝርዝሩ ይወጣል። ቺሊ፣ ኡራጓይና ሲሸልስ በ2018 የወጡት በዚህ መንገድ ነው። የዓለም ባንክ በበኩሉ አገሮችን በነፍስ ወከፍ ገቢ ከፋፍሎ ምደባውን በየዓመቱ ያድሳል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ከ1971 ጀምሮ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ የሚገኙ አገሮችን ለብቻ ይዘረዝራል፤ ቦትስዋና በ1994 ከዚህ ዝርዝር የወጣች የመጀመሪያዋ አገር ስትሆን፣ ኢትዮጵያ ግን ዝርዝሩ ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ትገኝበታለች።

የዝርዝሩ ምርጫ የሚያስከትለው ውጤት ቀላል አይደለም። ሰፊው ዝርዝር ሲመረጥ ከብራዚል ወይም ከህንድ ታላላቅ ከተሞች የሚመጡ፣ የካፒታል ገበያና የካበተ ልምድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች ከጁባ ወይም ከጎንደር ከሚመጡት ጋር በአንድ መስፈርት ይለካሉ። ጠባቡ ሲመረጥ ደግሞ በመካከለኛ ገቢ አገሮች ውስጥ የሚኖሩ እጅግ ድሆች ከውድድሩ ውጭ ይሆናሉ። አንዳንድ አወዳዳሪዎች በኢኮኖሚ መለኪያ ፋንታ የራሳቸውን የንግድ መስመር ይከተላሉ፤ የኦሬንጅ ኩባንያ ለአፍሪካና ለመካከለኛው ምሥራቅ የሚያዘጋጀው የማኅበራዊ ሥራ ፈጠራ ሽልማት ኩባንያው አገልግሎት በሚሰጥባቸው አገሮች ላይ ማተኮሩ ለዚህ ምሳሌ ነው። ስለዚህ የአገሮች ዝርዝር የደንቡ አባሪ መስሎ ቢቀመጥም፣ ውድድሩ ልማትን፣ ገበያን ወይም ዝናን የቱን እንደሚያስቀድም የሚታይበት ክፍል ነው።

ማን መግባት ይችላል?

የብቁነት መስፈርት የሚባለው አመልካቹ ዕቅዱ ከመነበቡ በፊት ሊያሟላቸው የሚገቡ ሁኔታዎች ስብስብ ነው። ከእነዚህ መካከል ብዙ ጊዜ ውዝግብ የሚያስነሣው የዜግነትና የመኖሪያ ጥያቄ ነው። አንዳንድ ደንቦች የአገሩን ዜግነት ሲጠይቁ፣ ሌሎች ሥራው በአገሩ ውስጥ መካሄዱን ብቻ በቂ ያደርጋሉ፤ «የአፍሪካ የቢዝነስ ጀግኖች» ደግሞ መሥራቹ አፍሪካዊ ዜጋ ወይም ትውልደ አፍሪካዊ እንዲሆን፣ ድርጅቱም በአንድ የአፍሪካ አገር ተመዝግቦ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚያው በአህጉሩ እንዲገኝ ይጠይቃል።

ልዩነቱ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንና ትውልደ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይነካል። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ዓ.ም. ጥምር ዜግነትን ስለማይፈቅድ፣ የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ዜግነትን በሚጠይቅ ውድድር ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ዓ.ም. መሠረት የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ በአገር ውስጥ ልዩ ልዩ መብቶችን ቢያስገኝም ዜግነትን አይተካም። ይህንኑ የኅብረተሰብ ክፍል ማዕከል ያደረገ ደንብም ታይቷል። የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) ከዌስተርን ዩኒየን ጋር በ2009 የጀመረው የአፍሪካ ዳያስፖራ ውድድር በአሜሪካ የሚኖር አፍሪካዊ ተወላጅ በትውልድ አካባቢው ለሚሠራ ድርጅት ዕቅድ እንዲያቀርብ የሚጠይቅ ነበር፤ በመጀመሪያው ዙር ከቀረቡት ከ700 በላይ ዕቅዶች 14ቱ አሸናፊ ሆነዋል።

የዕድሜ ገደብ ሌላው መለያ ነው። የአፍሪካ አመራር አካዳሚ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በ2011 ያቋቋመው የአንዚሻ ሽልማት ከ15 እስከ 22 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች የተወሰነ ሲሆን፣ የናይጄሪያው «ዩዊን» ጣሪያውን 40 ዓመት አድርጎት ነበር። የዕድሜ ገደብ ገንዘቡ ወደሚፈለገው ትውልድ እንዲደርስ ቢያደርግም የራሱ ሕጋዊ መዘዝ አለው፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ አሸናፊ የድጋፍ ውል በራሱ ሊፈራረም ስለማይችል የወላጅ ወይም የሞግዚት ፊርማ ያስፈልገዋል፤ ይህም ገንዘቡን በማን ስም መቀበልና ማስተዳደር እንደሚቻል ጥያቄ ያስነሣል።

ከዕድሜ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የሥራው የዕድገት ደረጃ ነው። የቶኒ ኤሉሜሉ ፋውንዴሽን መጀመሪያ ላይ ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ድርጅቶችን፣ ኋላም እስከ አምስት ዓመት የቆዩትን ሲቀበል፣ «የአፍሪካ የቢዝነስ ጀግኖች» በተቃራኒው ቢያንስ የሦስት ዓመት ገቢ ማሳየትን ግዴታ ያደርጋል። ከዚህ የሚታየው አንዱ ውድድር የሚያበረታታው ዓይነት ሥራ ለሌላው ገና ያልበሰለ ሊሆን እንደሚችል ነው። ዲ-ፕራይዝ የተባለው ሽልማት ጨርሶ የተለየ መንገድ ይከተላል፤ አዲስ ፈጠራን ትቶ፣ ጠቀሜታው በጥናት የተረጋገጠን ነገር ለድሆች የማዳረስ ዕቅድን ብቻ ይደግፋል። ስለዚህ አዲስነትን የሁሉም ውድድሮች መስፈርት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው።

በመጨረሻ የሕጋዊ ምዝገባ ጥያቄ አለ። የሐሳብ ውድድሮች አብዛኛውን ጊዜ ያልተመዘገቡትን ሲቀበሉ፣ የማስፋፊያ ውድድሮች የንግድ ምዝገባ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና በድርጅቱ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይጠይቃሉ። በኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 የሆነው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ለብቻው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም በመፍቀዱ፣ ቀድሞ ለስም ያህል ሸሪክ መፈለግ ግድ ይሆንበት የነበረው ሥራ ፈጣሪ ይህን መስፈርት የሚያሟላበት መንገድ ቀሎለታል። ነገር ግን በታዳጊ አገሮች የሚበዛው ሥራ ኢመደበኛ፣ ማለትም ያልተመዘገበና ግብር የማይከፍል በመሆኑ፣ የምዝገባ ግዴታ ምንም እንኳ ለአወዳዳሪው ዋስትና ቢሆን፣ ውድድሩ ሊደርስላቸው ካሰባቸው ሰዎች ብዙዎቹን በር ላይ ያስቀራል። መካከለኛው መፍትሔ ምዝገባውን የመግቢያ ሳይሆን የክፍያ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ፣ ማለትም አሸናፊው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት እንዲመዘገብ መጠየቅ ነው።

የሚቀርበው ሰነድ

የሰነዱ ይዘት በአብዛኞቹ ውድድሮች ተመሳሳይ ነው፤ አጭር ማጠቃለያ፣ የሚፈታው ችግርና የሚቀርበው ምርት ወይም አገልግሎት፣ የገበያውና የተፎካካሪዎች ትንተና፣ የአመራረትና የሽያጭ ስልት፣ የአመራሩ ብቃት፣ የሒሳብ ትንበያ፣ እንዲሁም ሥጋቶችና መከላከያቸው ይጠየቃሉ። ለማኅበራዊ ዓላማ የቆሙ ውድድሮች በዚህ ላይ ሥራው በሰዎች ኑሮና በአካባቢ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እንዴት እንደሚለካ እንዲገለጽ ያዛሉ። የገጽና የቃላት ገደብ የሚጣለው ዳኞችን ከመታከት ለማዳንና ተወዳዳሪዎችን በእኩል ለማየት ስለሆነ፣ ገደቡን ያለፈ ጽሑፍ ትርፉ እንደማይነበብ ወይም ዕቅዱ ጨርሶ እንደሚሰረዝ በደንቡ ይደነገጋል። ማጠቃለያው በፊት ገጽ ቢቀመጥም መጨረሻ ላይ ሊጻፍ ይገባል፤ በመጀመሪያው ማጣሪያ ከእርሱ ያለፈ ላይነበብ ይችላልና።

የሒሳብ ትንበያ ብዙ ተወዳዳሪዎች የሚሰናከሉበት ክፍል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቁት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚሸፍኑ ሦስት መግለጫዎች ናቸው፦ ገቢና ወጪን አነጻጽሮ ውጤቱን የሚያሳየው የትርፍና ኪሳራ መግለጫ፣ ጥሬ ገንዘብ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ የሚያሳየው የገንዘብ ፍሰት መግለጫ፣ እንዲሁም ድርጅቱ ያለውን ሀብትና ያለበትን ዕዳ የሚያሳየው የሀብትና ዕዳ መግለጫ። ትርፋማ ሆኖም ደንበኞች በዱቤ በመውሰዳቸው ደመወዝ መክፈል የሚያቅተው ድርጅት ሊኖር ስለሚችል፣ ልምድ ያላቸው ዳኞች ከትርፉ ይልቅ የገንዘብ ፍሰቱን አስቀድመው ያያሉ፤ ከአኃዞቹም በላይ አኃዞቹ የቆሙባቸው ግምቶች በግልጽ መቀመጣቸውን ይፈልጋሉ።

በኢትዮጵያ ለሚዘጋጅ ዕቅድ ሁለት ጉዳዮች ተጨማሪ ማብራሪያ ይሻሉ። አንደኛው የምንዛሪ ተመን ነው፤ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በመሆኑም ዕቅዱ በዶላር ሲቀርብ የተወሰደው ተመንና ቀኑ ካልተጠቀሰ፣ የብር ገቢ አድጎ ሳለ በዶላር ሲሰላ የቀነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሁለተኛው የበጀት ዓመት ነው፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚቆየው የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ከጥር እስከ ታኅሣሥ ከሚቆጠረው የፈረንጆች ዓመት ጋር ስለማይገጥም፣ የሁለት ዓመት ሒሳብ የአንድ ዓመት ተደርጎ እንዳይነበብ የሚሸፍነው ጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር መገለጽ አለበት።

ቋንቋም ራሱን የቻለ ማጣሪያ ነው። ዓለም አቀፎቹ ውድድሮች በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ይካሄዳሉ፤ «የአፍሪካ የቢዝነስ ጀግኖች» በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ማመልከት ይፈቅዳል። ይህ ደንብ አፈጻጸሙን ቢያቀልም ከሥራ ችሎታ ጋር የቋንቋ ችሎታን አብሮ ይለካል፤ በከተማ የተማረውን ለተራ ሐሳብ ያማረ ልብስ ሲያለብሰው፣ በአርሶ አደር መንደር የእህል ማከማቻ ለሚሠራው ሰው ግን ጥሩውን ሐሳብ ከዳኞች ይሸሽግበታል።

ጊዜ፣ ቅጽና ማንነት

የማመልከቻ መዝጊያ ሰዓት በደንብ ውስጥ እጅግ ጥብቁ አንቀጽ ነው። መዝጊያው «በግሪንዊች ሰዓት አቆጣጠር እኩለ ሌሊት» ከተባለ ለአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ሲሆን፣ በመዝጊያው ዋዜማ የኤሌክትሪክና የኢንተርኔት መቋረጥ የሚያደርሰውን መዘግየት አብዛኞቹ ደንቦች እንደ በቂ ምክንያት አይቀበሉም። የስም አጻጻፍም ያልታሰበ ችግር ያመጣል። ብዙ የማመልከቻ ቅጾች የግል ስምና የቤተሰብ ስም ለይተው ይጠይቃሉ፤ ኢትዮጵያዊ ግን የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ስለሚይዝ በቅጹ፣ በፓስፖርቱና በባንክ ሒሳቡ ላይ የተለያየ ቅደም ተከተልና የላቲን ፊደል አጻጻፍ ሲገባ፣ በማጣራት ምርመራ ጊዜ አንዱ ሰው ሁለት ሰው መስሎ ሊታይና ክፍያው ሊታገድ ይችላል። የማጣራት ምርመራ የሚባለው አወዳዳሪው ከመክፈሉ በፊት የአሸናፊውን ማንነት፣ የድርጅቱን ሕጋዊነትና በዓለም አቀፍ የማዕቀብ ዝርዝሮች ውስጥ አለመገኘቱን የሚያረጋግጥበት ሥራ ነው።

ከዚህም ሌላ አንድ ሰው ስንት ዕቅድ ማቅረብ እንደሚችል፣ ቀደም ሲል ያሸነፈ ዳግም መግባት መቻሉ፣ በቡድን ሲቀርብ ወኪሉ ማን እንደሆነና አባል ቢለቅ ምን እንደሚደረግ ይደነገጋል። የአወዳዳሪው ሠራተኞች፣ ዳኞችና የቅርብ ዘመዶቻቸው እንዳይገቡ የሚከለክለው አንቀጽ የጥቅም ግጭትን ለመከላከል የተቀመጠ ነው፤ የሐሰት መረጃ መስጠት፣ የሌላውን ዕቅድ መገልበጥና ዳኞችን ለማግባባት መሞከር ደግሞ በየትኛውም ደረጃ ከውድድር ያሰርዛሉ።

የሐሳብ ባለቤትነትና ምሥጢር

ተወዳዳሪዎች አጥብቀው የሚሠጉት ሐሳባቸው እንዳይሰረቅ ነው። አብዛኞቹ ደንቦች የዕቅዱ ባለቤትነት የአቅራቢው ሆኖ እንደሚቀጥል ይገልጻሉ፤ ሆኖም አወዳዳሪው ማጠቃለያውን፣ የአሸናፊውን ስምና ፎቶግራፍ ለማስታወቂያ የመጠቀም ፈቃድ እንዲያገኝ ያደርጋሉ፤ ዳኞችም የምሥጢር ጥበቃ ውል የመፈረም ግዴታ እንደማይኖርባቸው ያመለክታሉ። በመቶዎች የሚቆጠር ዕቅድ የሚያነብ ዳኛ ለእያንዳንዱ ውል ቢፈርም በኋላ ተመሳሳይ ሐሳብ ባየ ቁጥር ሊከሰስ ስለሚችል እምቢታው ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም።

የተወዳዳሪው መከላከያ በይዘት ምርጫ ላይ የተመሠረተ ነው። የፓተንት ሕግ፣ በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 123/1987 ዓ.ም.፣ ፈጠራ አዲስ እንዲሆን ስለሚጠይቅ በአደባባይ የተገለጸ ምሥጢር ጥበቃ የማግኘት ዕድሉን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ጥበቃ የሚሻ ፈጠራ ያለው ሰው ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ማመልከቻውን ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስገባት፣ ያም ባይሆን በዕቅዱ ውስጥ ፈጠራው የሚያስገኘውን ውጤት ገልጦ የአሠራሩን ዝርዝር ማስቀረት ይገባዋል። ከቴክኒክ ፈጠራ ውጭ ያሉ የንግድ ሐሳቦች ግን በሕግ የሚጠበቁበት ዕድል ጠባብ ነው፤ እነርሱን የሚጠብቃቸው የአፈጻጸም ፍጥነትና ጥራት ነው።

የዳኝነት ሚዛንና የምርምር ማስረጃ

የዳኝነት ደንብ መስፈርቶችን በነጥብ ከፋፍሎ የማጣሪያ ደረጃዎችን ያስቀምጣል። «የአፍሪካ የቢዝነስ ጀግኖች» ተወዳዳሪዎችን በየደረጃው እያጣራ ዐሥር ሰዎችን ለመጨረሻው ዙር ሲያደርስ፣ በመጨረሻው ደረጃ የቃል ገለጻና የዳኞች ጥያቄ ይኖራል። ይህ ሁሉ ድካም አሸናፊውን በትክክል ይለያል ወይ የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር እጅግ የጠቀመው የናይጄሪያው «ዩዊን» ነው።

በመጀመሪያው ዙር ወደ 24 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች አመልክተው 6 ሺህ ያህሉ ለአራት ቀን ሥልጠና ተመረጡ፤ የቀረቡት ዕቅዶችም የአቅራቢው ስም ሳይታይ ታረሙ። ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት በቀጥታ ሲያሸንፉ፣ ለግማሽ ፍጻሜ ከደረሱት 1,841 ሌሎች ተወዳዳሪዎች መካከል ደግሞ 729 አሸናፊዎች በዕጣ ተለዩ። ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ማኬንዚ ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ለሦስት ዓመታት ተከታትሎ በ2017 ባሳተመው ጥናት፣ በአማካይ 50 ሺህ ዶላር ያህል የደረሳቸው አሸናፊዎች ሥራ የመጀመርና በሥራ ላይ የመቆየት ዕድላቸው እንደጨመረ፣ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች ድርሻም ከ20 የመቶኛ ነጥብ በላይ ከፍ እንዳለ አሳየ። ይህ ውጤት የተገኘው በዋናነት ገንዘቡ መሣሪያ ለመግዛትና ሠራተኛ ለመቅጠር በመዋሉ ነበር።

ሆኖም ማኬንዚ ከዳሪዮ ሳንሶኔ ጋር በ2019 ያወጣው ተከታይ ጥናት የዳኝነቱን ሌላ ገጽታ አጋለጠ። የመጀመሪያውን ማጣሪያ ካለፉት መካከል የዳኞች ነጥብ ድርጅቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ከነበረው ሕልውና፣ ከሠራተኞቹ ብዛት፣ ከሽያጩም ሆነ ከትርፉ ጋር ዝምድና አልነበረውም፤ ዘመናዊው በኮምፒውተር የሚሠራ የትንበያ ዘዴም ቢሆን ከቀላል ስሌት ብዙም አልተሻለም። ማርሴል ፋፍሻምፕና ክሪስቶፈር ዉድረፍ በጋና ባካሄዱት ጥናት ደግሞ ስለ ባለቤቱ ችሎታ በመጠይቅ የተሰበሰበው መረጃ የድርጅቱን ዕድገት ለመተንበይ ጠቅሟል፤ የባለሙያ ዳኞች አስተያየት በዚያ ላይ የጨመረው መጠነኛ ነበር።

ሁለቱ ውጤቶች አይቃረኑም። ደካማውን ዕቅድ ከጠንካራው መለየት ይቻላል፤ በጠንካሮቹ መካከል ግን 78 ነጥብ ያገኘው 74 ካገኘው ይበልጣል ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ስለዚህ ከተወሰነ ደረጃ በላይ ያሉትን በነጥብ ልዩነት ከማሰናበት ይልቅ፣ ናይጄሪያ እንዳደረገችው፣ በዕጣ መለየት ፍትሐዊ ከመሆኑም ሌላ የፕሮግራሙን ውጤት ለመመዘን ያስችላል። ከአወዳዳሪዎች ጥቂቶቹ ብቻ ይህን የሚደፍሩት ዕጣ «ምርጡን መረጥን» ለማለት ስለማያመች ይመስላል።

ሽልማቱና ግዴታው

ሽልማት የሚለው ቃል የተለያዩ የገንዘብ ዓይነቶችን ይሸፍናል። የቶኒ ኤሉሜሉ ፋውንዴሽን ለእያንዳንዱ ተመራጭ የሚሰጠው 5 ሺህ ዶላር የማይመለስ የመነሻ ካፒታል ነው። በሌሎች ውድድሮች ገንዘቡ ብድር ወይም የአክሲዮን ድርሻ የሚወሰድበት ኢንቨስትመንት ሊሆን ይችላል፤ በኢንቨስትመንት ጊዜ አሸናፊው ገንዘብ ሲቀበል የድርጅቱን ባለቤትነት በከፊል ይሰጣል። በ2008 የተቋቋመው የአፍሪካ ኢንተርፕራይዝ ቻሌንጅ ፈንድ ደግሞ አቻ መዋጮ፣ ማለትም ድርጅቱ ከሚሰጠው ድጋፍ ጋር የሚመጣጠን የራሱን ገንዘብ እንዲያወጣ ይጠይቃል። አቻ መዋጮ የባለቤቱን ቁርጠኝነት ቢያረጋግጥም፣ ገንዘብ ለሌለው ጀማሪ ግን የተዘጋ በር ነው። ሥልጠና፣ የቢሮ ቦታ ወይም የምክር አገልግሎት በገንዘብ ተተምኖ በሽልማቱ ድምር ውስጥ ሲገባም በእጅ የሚገባው ገንዘብ ከተነገረው ያንሳል።

የአከፋፈሉ ሥርዓትም ከመጠኑ ያልተናነሰ ክብደት አለው። በ«ዩዊን» ገንዘቡ በአራት ዙር ተከፍሎ፣ የሚቀጥለው የሚለቀቀው አሸናፊው ቀድሞ የተስማማበትን ተግባር መፈጸሙ ሲረጋገጥ ነበር። ይህ አሠራር ብክነትን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ክፍያው በዘገየ ቁጥር የዋጋ ንረት የዕቅዱን ወጪ እየገፋው ስለሚሄድ ደንቡ ዕቅዱን ለማሻሻል የሚያስችል አንቀጽ ሊኖረው ያስፈልጋል። ሽልማቱ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ይከፈልበታል ወይ የሚለው ጥያቄም በየአገሩ ሕግ ስለሚለያይና ደንቦቹ አብዛኛውን ጊዜ ግብሩን በአሸናፊው ላይ ስለሚጥሉ ውል ከመፈረሙ በፊት ባለሙያ መጠየቅ ያሻል።

የአወዳዳሪው መብትም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ብዙዎቹ ደንቦች አወዳዳሪው ውድድሩን የመሰረዝ፣ መስፈርቱን የመለወጥና ሽልማት ያለመስጠት መብት እንዳለው፣ የዳኞች ውሳኔም የመጨረሻ እንደሆነ ይደነግጋሉ። የዳያስፖራውን ውድድር ከጀመሩት አንዱ የነበረው ዩኤስኤአይዲ በ2025 እንዲዘጋ መደረጉ ትልቅ የሚባል ደጋፊ ተቋም እንኳ ዘላቂ ዋስትና እንደማይሆን ያመለክታል። በውድድር ስም የሚፈጸም ማጭበርበርም የታወቀ ነው፤ «አሸንፈሃል፣ ለማስተላለፊያ ቅድሚያ ክፈል» የሚል መልእክት ማታለያ እንደሆነ መጠርጠር ይገባል። የአወዳዳሪውን ሕጋዊ ስምና አድራሻ፣ የሚመራበትን ሕግና ያለፉ አሸናፊዎችን ማንነት የማይገልጽ ጥሪም ደንብ አለው ለማለት ያስቸግራል።

ማጠቃለያ ምዘና

ከላይ የታዩት ደንቦች ተደምረው ሲመዘኑ አብዛኞቹ ውድድሮች የተመዘገበውን፣ የውጭ ቋንቋ የሚያውቀውንና ከተማ ውስጥ የሚኖረውን ሥራ ፈጣሪ የሚያስቀድሙ ሆነው ይገኛሉ። ይህ አወዳዳሪዎች ሆን ብለው ያደረጉት ባይሆንም፣ አፈጻጸምን ለማቅለል የገቡ አንቀጾች ድምር ውጤት ነው። በጠንካራ ዕቅዶች መካከል ዳኞች የሚሰጡት ነጥብ የወደፊቱን ውጤት በደካማ ሁኔታ የሚተነብይ ከሆነ፣ ብዙ ጥረት መዋል ያለበት ነጥቡን ይበልጥ በማራቀቅ ላይ ሳይሆን በመግቢያውና በአከፋፈሉ ላይ ነው። የመጀመሪያው ማመልከቻ አጭርና በአገር ቋንቋ የሚቀርብ ቢሆን፣ ለማመልከቻ ክፍያ ባይጠየቅ፣ ምዝገባ ወደ ክፍያው ደረጃ ቢሸጋገር፣ ለወደቁትም የነጥባቸው ዝርዝር ቢሰጥ ውድድሮቹ ሊደርሱላቸው ወዳሰቧቸው ሰዎች ይቀርባሉ።

ለተወዳዳሪው ደግሞ የሚከተለው ድምዳሜ ቀጥተኛ ነው። ደንቡ ዕቅዱ ከመጻፉ በፊት ሊነበብ ይገባል፤ የዜግነቱ፣ የድርጅቱ ዕድሜ፣ የምዝገባውና የሽልማቱ ዓይነት አንቀጾች ከሥራው ጋር የማይገጥሙ ከሆነ ዕቅዱን ማሳመር አይጠቅምም። ባለመመረጡም ሐሳቡ ደካማ ነው ብሎ መደምደም አይገባውም፤ በናይጄሪያ ዕጣ ካልወጣላቸው መካከልም ያለ ሽልማቱ ሥራቸውን የጀመሩና የቀጠሉ ነበሩና። ገበያውን ለማወቅ፣ ወጪውን ለማስላትና ሥጋቱን ለመመዘን የተደከመበት ዕቅድ ለባንክ፣ ለሸሪክ ወይም ለሚቀጥለው ውድድር መቅረብ የሚችል ሰነድ ሆኖ ይቀራል።